የስፖርት ጡት ማስያዣሽን በእንቅስቃሴ ሴንሰር ለክተሽ ለራስሽ የምታስተካክዪበት መመሪያ

የ«ቅድሚያ ለሴቶች» 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ በተቃረበ ቁጥር አብረውኝ የሚሮጡ ሴቶች «ለእኔ የሚሆነኝ ጡት ማስያዣ የትኛው ነው?» ይሉኛል። አሁን አሁን ደግሞ ትንንሽ የእንቅስቃሴ ሴንሰር የገዙ ወይም የተዋሱ «በዚህ ለክቼ መምረጥ እችላለሁ?» እያሉ ይጠይቃሉ። ይቻላል። ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ትዕግሥት ይፈልጋል። ለእያንዳንዷ ለየብቻ ከምመልስ ሙሉውን አሠራር እዚህ ጽፌዋለሁ።

የምትለኪው ምንድን ነው?

ጡት ውስጥ ጡንቻ የለም። የሚይዘው ቆዳውና በውስጡ ያሉት ስስ ጅማቶች ብቻ ስለሆኑ ስትሮጪ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንቀሳቀሳል። በእንግሊዝ የፖርትስመዝ፣ በአውስትራሊያ የወሎንጎንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን እንቅስቃሴ በላቦራቶሪ ሲያጠኑ ቆይተዋል። አንቺ ላቦራቶሪ አያስፈልግሽም፤ ሁለት ሴንሰር ግን ያስፈልግሻል።

ለምን ሁለት? ስትሮጪ መላ ሰውነትሽ ይነጥራል። ሚኒባስ ታክሲ ጉድጓድ ሲገባ ተሳፋሪው ከመኪናው ጋር አብሮ መነሳቱ አይቀርም፤ ማወቅ የምንፈልገው ከመቀመጫው ምን ያህል እንደተነሳ ነው። ደረት አጥንትሽ ላይ ያለው ሴንሰር የመኪናውን፣ ጡትሽ ላይ ያለው የተሳፋሪውን ይነግርሻል። ጡት ላይ ብቻ ለክተሽ «በዚህኛው ማስያዣ ብዙ ነጠረ» ብትዪ፣ ምናልባት በዚያ ዙር እርምጃሽ ከብዶ ሊሆን ይችላል።

ሌላም ነገር አለ። ሴንሰሩ የሚለካው አክስለሬሽን (ፍጥነት ምን ያህል ቶሎ እንደሚለወጥ) ነው፤ ስንት ሴንቲ ሜትር ተንቀሳቀሰ የሚለውን አይነግርሽም። ወደ ሴንቲ ሜትር ለመቀየር የሚሞክሩ መተግበሪያዎች አሉ፤ ነገር ግን በስሌቱ ውስጥ ጥቃቅን ስህተቶች እየተደራረቡ ስለሚሄዱ ውጤቱን አትመኚው። እኛ የምናወዳድረው አንቺን ከአንቺ ጋር፣ አንዱን ማስያዣ ከሌላው ጋር ነው። የጓደኛሽ ቁጥር ላንቺ ምንም አይልሽም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ሁለት አንድ ዓይነት የእንቅስቃሴ ሴንሰሮች። እያንዳንዱ 10 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ የሚመዘግብ፣ እስከ 16 ጂ (1 ጂ የመሬት ስበት ያህል ነው) የሚለካ ይሁን። ሙቭሴንስ እና ኤክስሴንስ ዶት በዚህ መጠን ከሚገኙት መካከል ናቸው።
- የሴንሰሩን ፋይል የሚቀበል ስልክ፣ እንዲሁም ኤክሴል ወይም ጉግል ሺትስ
- ባለሁለት ገጽ የሕክምና ፕላስተርና ኪኔሲዮ ቴፕ (ስፖርተኞች ቆዳ ላይ የሚለጥፉት የሚለጠጥ ቴፕ)
- የልብስ ሰፊ ሜትር
- የዓይን ኩል እርሳስ (ቆዳ ላይ ምልክት ለማድረግ፤ ከእስክርቢቶ የተሻለ ቶሎ ይለቃል)
- ቢያንስ ሦስት የስፖርት ጡት ማስያዣ። የራስሽ፣ የእህትሽ፣ ለመግዛት ያሰብሽው፤ ልክሽ እስከሆነ ድረስ ችግር የለም
- ትሬድሚል፤ ከሌለ ጠፍጣፋ ቀጥ ያለ መንገድና ሰዓት
- ወረቀትና እስክርቢቶ

ስልክሽን ጡትሽ ላይ አስረሽ ለመለካት አትሞክሪ። ከባድ ስለሆነ ራሱ እንቅስቃሴውን ይቀይረዋል። የእጅ ሰዓት ደግሞ የእጅሽን ውዝዋዜ እንጂ የደረትሽን አያውቅም።

ማስጠንቀቂያ

ጡትሽ ላይ ቁስል፣ ሽፍታ ወይም ኢንፌክሽን ካለ፣ ወይም በቅርብ ቀዶ ሕክምና ከተደረገልሽ ይህን አታድርጊ። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተገጠመላት ሴት ሐኪሟን ሳታማክር ሴንሰር ደረቷ ላይ አትለጥፍ። አዲስ እብጠት፣ ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም፣ ወይም አንድ ቦታ ላይ ብቻ የማይለቅ ሕመም ካለሽ ጉዳዩ የማስያዣ አይደለም፤ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

ፕላስተሩን ከአንድ ቀን በፊት ክንድሽ ውስጠኛ ቆዳ ላይ ለጥፈሽ ሞክሪው። ካሳከከሽ ወይም ካቀላሽ ሌላ ዓይነት ፈልጊ።

ያለ ጡት ማስያዣ ሮጠሽ «መነሻ» ልለካ አትበዪ። ያማል፤ ለምርጫው ደግሞ አያስፈልግም።

ሌሎችን የምትለኪ አሠልጣኝ ከሆንሽ ሴንሰሩን የምትለጥፈው ባለቤቷ ራሷ ትሁን፤ አንቺ የምታሳያት በራስሽ ልብስ ላይ ነው። ወንድ አሠልጣኝ ከክፍሉ ይውጣ። ዕድሜዋ ከ18 በታች የሆነች ከሆነ ወላጅ ይወቅ። ፋይሉ ላይ ስም አይጻፍ፤ ቁጥር ይበቃል። መተግበሪያው መረጃውን በራሱ ወደ ኢንተርኔት የሚልክ ከሆነ ያንን አጥፊው።

አሠራሩ

1. መጀመሪያ ልክሽን በሜትርና በእጅሽ ፈትሺ። ልክሽ ያልሆነን ማስያዣ በሴንሰር መለካት ጊዜ ማባከን ነው። አየሩን ከሳንባሽ አስወጥተሽ ከጡትሽ ስር ያለውን ዙሪያ ጠበቅ አድርገሽ ለኪ። ከ73 እስከ 77 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በአውሮፓ ልኬት 75 ነሽ፤ በእንግሊዝና በአሜሪካ መለያ ላይ 34 ተብሎ ይጻፋል። ከ78 እስከ 82 ከሆነ 80፣ ማለትም 36። ሰልባጅ ተራ ከገዛሽ መለያው ቢኖርም ላስቲኩ ሳይላላ አይቀርምና በቁጥሩ አትታለዪ።

ከለበስሽ በኋላ ሦስት ነገር እዪ። የታችኛው ላስቲክ ከፊትም ከኋላም በአንድ ከፍታ ላይ መሆን አለበት፤ ጀርባሽ ላይ ወደ ላይ ከወጣ ሰፍቷል። ማንገቻው ስር ሁለት ጣት መግባት አለበት፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ልል፣ ከዚያ በታች ከሆነ ጥብቅ ነው። ካፑ (ጡቱን የሚይዘው ጎድጓዳ ክፍል) ከተጨማደደ ትልቅ ነው፣ ጡትሽ በላይ ወይም በጎን ከፈሰሰ ትንሽ ነው። አብዛኛው ድጋፍ የሚመጣው ከታችኛው ላስቲክ ነው። ማንገቻውን በማጥበቅ የሰፋ ላስቲክን ማካካስ አይቻልም፤ ትከሻሽን ከመቁረጥ በቀር የሚያመጣው ነገር የለም።

ካፑ ልክ ሆኖ ላስቲኩ ከሰፋብሽ አንድ ቁጥር ዝቅ፣ አንድ ፊደል (የካፑ መለያ) ከፍ በዪ። ለምሳሌ ከ75 ሲ ወደ 70 ዲ ብትሄጂ የካፑ መጠን ያው ነው፤ ላስቲኩ ግን ይጠብቃል።

2. ሁለቱን ሴንሰሮች አንድ ላይ ፈትኚ። ጀርባ ለጀርባ አድርገሽ በቴፕ እሰሪያቸውና ለአንድ ደቂቃ ያህል በእጅሽ ወዝውዢያቸው። በኋላ በደረጃ 8 እንደምነግርሽ አስዪና ሁለቱ የሰጡትን ቁጥር አወዳድሪ። ተቀራራቢ መሆን አለበት። ካልሆነ በየመመሪያቸው እንደገና ካሊብሬት አድርጊ (ልኬታቸውን አስተካክዪ)። ይህን ከዘለልሽ በኋላ የምታገኚው ልዩነት የማስያዣው ይሁን የሴንሰሩ አታውቂም።

3. ሴንሰሩን አስተካክዪ። ሁለቱም በሰከንድ 100 ጊዜ (አንዳንዶቹ ላይ 104 ወይም 120 ይላል) እንዲመዘግቡ አድርጊ። በደቂቃ 170 እርምጃ የምትሮጥ ሴት በሰከንድ ሦስት ጊዜ ገደማ መሬት ትመታለች፤ በእያንዳንዱ ምት ውስጥ ደግሞ ጡቱ ወጥቶ ይወርዳል። በሰከንድ 10 ወይም 20 ጊዜ የሚመዘግብ ሴንሰር የምቱን ጫፍ ይስታል። የመለኪያ ክልሉን ወደ 16 ጂ ከፍ አድርጊ። በ2 ጂ ከተውሽው የግራፉ ጫፍ እንደ ጠረጴዛ ተቆርጦ ይወጣል፣ ሁሉም ማስያዣ እኩል ይመስልሻል።

4. ለጥፊ። ቆዳሽን በውሃና በሳሙና ታጥበሽ በደንብ አድርቂ፤ ቅባትና ሎሽን አይኑር። የመጀመሪያውን ሴንሰር ከአንገትሽ ስር በፊት በኩል በሁለቱ የአንገት አጥንቶች (ክላቪክል) መካከል ካለው ጎድጓዳ ዝቅ ብሎ ደረት አጥንትሽ ላይ ለጥፊ። አጥንት ላይ የሆነበት ምክንያት እዚያ የሚወዛወዝ ሥጋ ስለሌለ ነው። ሁለተኛውን ከጡትሽ ጫፍ በላይ ጠቆር ካለው ክብ ውጪ ባለው ቆዳ ላይ ለጥፊ። ጫፉ ላይ ካደረግሽው ማስያዣው ሲጫነው ያማል። ዙሪያውን በዓይን ኩል እርሳሱ አስምሪ፤ ቢወድቅ መልሰሽ እዚያው ታደርጊዋለሽ።

ከታች ባለሁለት ገጽ ፕላስተር፣ ከላይ ደግሞ ከሴንሰሩ ጥቂት ብቻ የሚሰፋ ቁራጭ ኪኔሲዮ ቴፕ ይበቃል። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፦ እንዳይወድቅ ብለው ረጅም ቴፕ ከጡት እስከ ትከሻ ይዘረጋሉ። ያ ቴፕ ራሱ ጡትሽን ይይዘዋል፤ የምትለኪው ቴፑን ይሆናል።

ሴንሰሩን ማስያዣው ጨርቅ ላይ ወይም ውስጥ ጣል አታድርጊ። ጨርቁ የሚሄደውና ጡቱ የሚሄደው አንድ አይደለም፤ በተለይ ካፑ ልል ሲሆን። ማስያዣ ስትቀይሪም ሴንሰሩን አትንቀዪው፤ ቆዳሽ ላይ እንዳለ ይቆይ። በአንገት የሚጠለቅ ማስያዣ ከሆነ ከታች ከእግርሽ በኩል ልበሺው።

5. ምዝገባውን ጀምረሽ ሦስት ጊዜ ዝለዪ። ቀጥ ብለሽ 10 ሰከንድ ቁሚ፣ ሦስት ጊዜ በሁለት እግርሽ ዝለዪ፣ እንደገና 10 ሰከንድ ቁሚ። ግራፉ ላይ ሦስቱ ዝላዮች ጎልተው ስለሚታዩ የሁለቱን ፋይሎች መነሻ በእነሱ ትገጣጥሚያለሽ። ዙሩ ሲያልቅም ድገሚው፤ የአንዱ ሴንሰር ሰዓት ከሌላው ቀድሞ ከሆነ በመጨረሻው ዝላይ ይታወቃል።

6. ሩጪ። መጀመሪያ 5 ደቂቃ ተሟሟቂ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ማስያዣ ሁለት ደቂቃ በአንድ ፍጥነት ሩጪ። በሰዓት 8 ወይም 9 ኪሎ ሜትር ለአብዛኞቻችሁ ይመቻል፤ ዋናው ነገር በሁሉም ዙር ያው መሆኑ ነው። የመጀመሪያውን 30 ሰከንድ ትጥዪዋለሽ፤ እርምጃሽ ገና አልተረጋጋም። መንገድ ላይ ከሆንሽ ዳገትና ቁልቁለት የሌለበትን ምረጪ። ጫማሽን አትቀይሪ። በየዙሩ መሃል ትንፋሽሽ እስኪመለስ ዕረፊ።

አንዱን ማስያዣ ሁለት ጊዜ ሩጪበት፦ የመጀመሪያ ዙር ላይ፣ ከዚያም የሁሉም መጨረሻ ላይ። ይህን ዙር ሰው ሁሉ መዝለል ይፈልጋል፣ ደክሟቸዋላ። እኔ ግን ሌላው ቢቀር ይቅር፣ ይህ አይቅር እላለሁ። አንዱ ማስያዣ በሁለት ዙር የሰጠው ልዩነት የመለኪያሽ ስህተት ስፋት ነው። በሁለት የተለያዩ ማስያዣዎች መካከል ያገኘሽው ልዩነት ከዚያ ካነሰ እንደሌለ ቁጠሪው።

7. ስሜትሽን ወዲያው ጻፊ። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ፣ ፋይሉን ሳታዪ፣ ከ0 እስከ 10 ስጪ፦ ጡት ላይ ያለ ሕመም፣ የማንገቻው ጫና፣ የላስቲኩ ጫና፣ የትንፋሽ መጨነቅ (0 ምንም፣ 10 በጣም ከባድ)። ቁጥሩን አይተሽ ከጻፍሽ አእምሮሽ ከቁጥሩ ጋር ይስማማል። ሴንሰሩ ደግሞ ትንፋሽሽ መጨነቁን አያውቅም። እንደ ገመድ የሚያጠብቅ ማስያዣ በሴንሰር አንደኛ ሊወጣ ይችላል፤ 5 ኪሎ ሜትር ግን አትሮጪበትም።

8. አስዪ። ፋይሉን በኤክሴል ክፈቺ። ሦስት ዓምዶች ታገኚያለሽ፣ ለሦስቱ አቅጣጫዎች። የተረጋጋውን 60 ሰከንድ ቁረጪ። ለእያንዳንዱ ዓምድ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ቁጥሮቹ ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚርቁ የሚያሳይ ልኬት) አውጪ፤ ኤክሴል በአንድ ትእዛዝ ይሠራዋል። ሦስቱንም በራሳቸው አባዢ፣ ደምሪ፣ ከዚያ ስኩዌር ሩት ውሰጂ። የምትጨርሺው በአንድ ቁጥር ነው።

ይህን መንገድ የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። የመሬት ስበት በሁሉም መስመር (የፋይሉ ረድፍ) ላይ ያው ስለሆነ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን በአብዛኛው ያስወግደዋል። ሦስቱ አቅጣጫዎች ስለሚደመሩ ደግሞ ሴንሰሩ ትንሽ ተጣሞ ቢለጠፍም ውጤቱን አይቀይረውም።

አሁን የጡቱን ቁጥር ለደረት አጥንቱ ቁጥር አካፍዪ። ለምሳሌ ደረት አጥንት ላይ 11፣ ጡት ላይ 16 ካገኘሽ ውጤቱ (ክፍልፋዩ) 1.45 ነው። በሌላ ማስያዣ 11 እና 13 ካገኘሽ 1.18 ነው። ወደ 1 በተጠጋ ቁጥር ጡትሽ ከደረትሽ ጋር አብሮ ይሄዳል ማለት ነው። የመጀመሪያው ማስያዣ በመጨረሻው ዙር 1.39 ከሰጠ የስህተትሽ ስፋት 0.06 ነው፤ በ1.45 እና በ1.18 መካከል ያለው ልዩነት ከዚያ በብዙ ስለሚበልጥ እውነተኛ ነው።

9. መዘግየቱን እዪ። ሁለቱን ግራፎች ደራርበሽ የአንድ እርምጃን ጫፍ ፈልጊ። የጡቱ ግራፍ ጫፍ ከደረቱ ግራፍ ጫፍ ስንት መስመር ዘግይቶ መጣ? በሰከንድ 100 ጊዜ ስትመዘግቢ አንድ መስመር 10 ሚሊሰከንድ ነው። ከአንድ እርምጃ ብቻ አትፍረጂ፤ አሥር ያህል አይተሽ አማካዩን ያዢ። ይህን የምናይበት ምክንያት አለ፦ ጡቱ በተመሳሳይ ኃይል ግን ዘግይቶ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ክፍልፋዩ ጥሩ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ እውነቱ ግን ደረትሽ ሲወጣ ጡትሽ እየወረደ ነው። ሁለት ማስያዣዎች በክፍልፋይ ከተቀራረቡ መዘግየቱ ያነሰውን ምረጪ።

10. ምረጪ፣ ከዚያ አስተካክዪ። መጀመሪያ በላስቲክ ጫና ወይም በትንፋሽ ከ3 በላይ የሰጠሻቸውን አስወጪ። ከቀሩት ዝቅተኛ ክፍልፋይ ያለውን ያዢ። እዚህ ላይ የሚያቆሙ አሉ፤ «ለራስ ማስተካከል» የሚባለው ግን ገና መጀመሩ ነው።

ላስቲኩን በአንድ መንጠቆ አጥብቀሽ ድጋሚ ለኪ። ከዚያ መልሰሽ ማንገቻውን በ1 ሴንቲ ሜትር አሳጥረሽ ለኪ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ፤ ሁለቱን አብረሽ ከቀየርሽ የትኛው እንደሠራ አታውቂም። ላስቲኩን ማጥበቅ ቁጥሩን ካወረደውና ጫናው ካልጨመረ፣ ስትገዢ አንድ ቁጥር ዝቅ ያለ ሞክሪ። ምንም ካልቀየረ ችግሩ የማስያዣው ዓይነት ነው፦ ጡትን ደረት ላይ የሚደፈጥጥ ከሆነ ለየብቻ በካፕ የሚይዘውን ሞክሪ። ጡቷ ተለቅ ላለ ሴት ሁለቱንም የሚያጣምረው ብዙ ጊዜ የተሻለ ይሆናል። ማንገቻው ቁጥሩን ካወረደ ግን ትከሻሽን ካመመሽ፣ ሰፋ ያለ ማንገቻ ያለው ፈልጊ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

የልብ ምት መለኪያ ቀበቶ ከማስያዣው ላስቲክ ስር ማድረግ። ላስቲኩ በቦታው እንዳይቀመጥ ያደርገዋል፤ በልኬት ቀን አውልቂው።

ሁሉንም ማስያዣ በቀላሉ ወደ ከባዱ ወይም ካረጀው ወደ አዲሱ በቅደም ተከተል መለካት። መጨረሻ ላይ ስለሚደክምሽ እርምጃሽ ይቀየራል። ስማቸውን በወረቀት ጽፈሽ በዕጣ አውጪ።

የአንዱን ጡት ውጤት ለሁለቱም መውሰድ። ሁለቱ ጡቶች እኩል አለመሆናቸው የተለመደ ነው፤ ተለቅ ያለውን ለኪ።

ላብ ሲጀምር የላላ ሴንሰርን ችላ ማለት። ግራፉ ላይ ከእርምጃሽ ጋር የማይገጥም ቀጭን መርፌ የመሰለ ምት ከታየ ሴንሰሩ ራሱ እየተንቀጠቀጠ ነው። ያንን ዙር ጣዪው፣ አድርቀሽ ድገሚ።

በሱቅ ውስጥ ቆሞ በመዝለል ብቻ መወሰን። ዝላይ ወደ ላይና ወደ ታች ያለውን ብቻ ያሳያል፤ ሩጫ ላይ ግን ደረትሽ ወደ ጎንም ይዞራል።

መቼ ትደግሚዋለሽ?

ከወር አበባ በፊት ባሉት ቀናት የብዙ ሴቶች ጡት ያብጣል፣ ያማል። በተለመደው ቀን የተመረጠው መንጠቆ በእነዚያ ቀናት ሊጠብቅ ስለሚችል አንድ ዙር በዚያን ጊዜ ለኪና ሁለት የመንጠቆ ቦታ ያዢ። ክብደትሽ ከተለወጠ፣ ካረገዝሽ ወይም ማጥባት ከጀመርሽ ወይም ካቆምሽ ከደረጃ 1 ጀምሪ። የምታጠቢ ከሆነ ጡትሽ ባዶ ሲሆን፣ ማለትም ካጠባሽ በኋላ ለኪ፤ ሞልቶ ሳለ የሚጫን ማስያዣ አትልበሺ።

ማስያዣው ራሱም ያረጃል። በሙቅ ውሃና በማድረቂያ ማሽን ላስቲኩ ቶሎ ይሞታል፤ በቀዝቃዛ ውሃ በእጅ እጠቢውና ጥላ ላይ አስጪው። አዲስ ሲገዛ በጣም ልል በሆነው በመጨረሻው መንጠቆ ላይ እንዲገጥም አድርገሽ ግዢ፤ ሲላላ ወደ ውስጥ የምታጠብቂበት ቦታ ይኖርሻል። የመጀመሪያውን ፋይል ከነቀኑና ከነመንጠቆው አስቀምጪ፦ በዚያው ፍጥነት ሮጠሽ ክፍልፋዩ ከስህተትሽ ስፋት በላይ ከጨመረና የሚጠብቅ መንጠቆም ካልቀረ፣ ሌላ የምትገዢበት ጊዜ ነው።